ሽቦው ቀረ፤ ስሙ ቀረ

ስልክን ለዓለም ያበረከተው ሰው፣ ስልክ የማይገባበት አንድ ክፍል ነበረው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብቱን በአሜሪካ ያስመዘገበው ማርች 7 ቀን 1876 ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) ከዚያ በኋላ ቤል ረጅም ዕድሜ ኖሮ፣ የእጁ ሥራ ባሕር ሲሻገርና አህጉር ሲያገናኝ ለማየት በቅቷል። ሆኖም በሚያነብበትና በሚመራመርበት ክፍል ውስጥ ያን የገዛ ፍጥረቱን አላስገባውም። ስልክ ጠልቶ አልነበረም፤ ቤቱ በስልክ የተሟላ ነበር። ባለቤቱ ሜብል እንደ መሰከረችው፣ ያ ክፍል ከሐሳቡና ከሥራው ጋር ብቻውን መሆን ሲሻ የሚገባበት ስለ ነበር ብቻ ነው።

ቤል በኦገስት 1922 አረፈ። በተቀበረበት ሰዓት በሰሜን አሜሪካ የነበሩ ስልኮች ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ።

ያችን የአንድ ደቂቃ ዝምታ ደጋግሜ አስባታለሁ። የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። እኔ ለገዛ እናቴ ያችን አንድ ደቂቃ ነፍጌያት ነበርና ነው። ስለዚህ የማወጋችሁ ስለ ስልክ ታሪክ ቢመስልም፣ እግረ መንገዴን ዕዳዬን መናዘዜ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንየው። ‹ስልክ› የምንለው ቃል ከዐረብኛ የተዋስነው ሲሆን፣ ትርጉሙም ሽቦ ማለት ነው። ቀደምቶቻችን ዕቃውን የሰየሙት ከጆሮ በሚለጠፈው ቀፎ ሳይሆን ከተራራ ወደ ተራራ በተወጠረው ክር ነው ማለት ነው። ስም አወጣጣቸው አስተዋይነት ነበረበት። ዋናው ነገር ሁለት ሰው የሚያገናኘው ክር እንጂ ዕቃው እንዳልሆነ ያወቁ ይመስላሉ። ዛሬ በኪሳችን ያለው ዕቃ ሽቦ የለውም። ሽቦው ቀረ፤ ስሙ ቀረ። አማርኛችን የጠፋውንም የተረፈውንም ‹ቀረ› ብሎ በአንድ ግሥ መጥራቱ ዘወትር ይገርመኛል።

የአገራችን የስልክ ታሪክ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1894 ይጀምራል። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በቅሎ የጫነ መልእክተኛ ስንት አዳር የሚያድርበትን መንገድ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ይሄደው ጀመር። ያኔ ‹ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው› ብለው የተቃወሙ ነበሩ እየተባለ ይወራል፤ ወሬውንም የምንሰማው እየሳቅን ነው። እኔም ስቄ ነበር። አሁን አሁን ግን ሳቄን ቀነስ አድርጌዋለሁ። አካል የሌለው ድምፅ ሳያንኳኳ ቤት መግባቱ ያሳሰባቸው ሰዎች፣ ምክንያቱን ቢስቱትም ጭንቀታቸው ጨርሶ መሠረት አልነበረውም ለማለት አልደፍርም።

ወደ እናቴ ልመለስ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። እናቴ በወሎ ከነበረችባት የወረዳ ከተማ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። አመሻሽ ላይ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ በልጅነቷ ስለ ገባችበት ስልክ ቤት ታወጋኝ ጀመር። ነገሩ የሆነው በ1966 ዓ.ም. ክረምት ነው። ታላቅ ወንድሟ አስመራ ለሥራ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን የስልክ ቤቱ ተላላኪ ስሟ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ‹ነገ በሦስት ሰዓት ከአስመራ ትፈለጊያለሽ› አላት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማለዳ ተነሥታ ገላዋን ታጠበች፤ የክት ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋን አጣፋች። ‹በስልክ አይታይሽም እኮ!› ብለው ጎረቤቶቿ ሳቁባት። ‹ባያየኝም እኔ አየዋለሁ› አለቻቸው።

ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሆነ። አግዳሚው ላይ ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው የስልክ ሠራተኛ ገመድ ከቀዳዳ እየነቀለች ወደ ሌላ ቀዳዳ እየሰካች ‹ሃሎ አስመራ፣ ሃሎ አስመራ› ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የእናቴ ስም ተጠራ። ከእንጨት ወደ ተሠራችው ጠባብ ክፍል ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ሦስት ደቂቃ።

‹ሦስት ደቂቃ ብናወራ የዕድሜ ልክ ስንቅ ሆነችኝ› አለች እናቴ፣ ሲኒውን እያጠበች። ‹ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ድምፁንም አልሰማሁትም። ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን አለኝ መሰለህ...›

በዚህ ቅጽበት ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። እኔም አወጣሁት።

ምን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ለሌላ ለማላውቀው ሰው የልደት ምኞቱን መግለጹን የሚያበስር ማሳወቂያ ነው። ከእርሱ በታች ሌላ ነበረ፤ ከዚያም በታች ሌላ። ቀና ስል እናቴ ዝም ብላለች። ፊቷ ላይ ቁጣም ቅሬታም አይታይም። ‹ጨርስ ልጄ፤ እኔ እደርሳለሁ› አለችኝ። አፍሬ ስልኩን አስቀመጥኩና ‹እሺ፣ ምን አለሽ?› አልኳት። ‹ሌላ ቀን› ብላ ጀበናውን አነሣች።

ሌላ ቀን አልነበረም። በዚያው ዓመት ከትንሣኤ በኋላ እናቴ በድንገት አረፈች። አጎቴ በሕይወት የለም። ያን የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም።

ሐዘኑ በረድ ሲል ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ሰው ታጥቦና ለብሶ፣ ስድስት ሰዓት ጠብቆ ይሄድበት የነበረው ስልክ፣ እንዴት ሆኖ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ሆነ? መልሱን ስፈልግ፣ ያች የወረዳ ስልክ ቤት አራት አጥሮች እንደ ነበሯት ተገለጠልኝ፤ በር፣ ጠሪ፣ ዋጋ እና ማብቂያ። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የስልክ ታሪክ የእነዚህ የአራቱ አጥሮች መፍረስ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው የፈረሰው በሩ ነው። በኤፕሪል 3 ቀን 1973 የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ ደወለ። እናቴ በስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከመቀመጧ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። በአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ የምንሄድበት ቤት መሆኑ ቀርቶ የምንለብሰው ልብስ ሆነ። ይህን በክፋት አላነሣውም። ስንቱ ወላድ፣ ስንቱ ነጋዴ፣ ስንቱ ስደተኛ እንደ ተጠቀመበት እናውቃለን።

ቀጥሎ የፈረሰው ጠሪው ነው። በስልክ ቤት ዘመን የሚጠራህ ሰው ነው፤ ስም አለው፤ የሚልህም ነገር አለው። በዲሴምበር 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲላክ እንኳ ቃሉ የገና ሰላምታ፣ ላኪውም ሰው ነበረ። በጃንዋሪ 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን አስተዋወቀ። በጁላይ 2008 የአፕል የመተግበሪያ መደብር በ500 ገደማ መተግበሪያዎች ተከፈተ። በ2009 ደግሞ እነዚያ መተግበሪያዎች ሳይከፈቱ ማሳወቂያ የሚልኩበት መንገድ ተዘረጋላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠራን ሰው መሆኑ ቀረ፤ ድርጅት፣ ጨዋታ፣ ሱቅና ስሌት ይጠራን ጀመር። የደወሉ ድምፅ ግን ያው ነው። ሰውነታችንም ያው የጥንቱ ነውና ‹እመት!› ብሎ ይነሣል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። ስልክ ቤት ደቂቃዋ የምትከፈልባት ስለ ሆነች፣ ቃል ይመረጥ ነበር። አሁን ነፃ ነው እንባላለን። ኸርበርት ሳይመን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ፣ ኋላ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት፣ በ1971 ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። መረጃ በበዛ መጠን የሚመናመነው የተቀባዩ ትኩረት ነው። እንግዲህ ገንዘብ ሳንከፍል የምናየው ነገር ሁሉ የሚከፈለው በዚሁ በሚመናመነው ሀብታችን ነው። ልባችንን እዚያ ባቆየን ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣል። ሂሳቡ ከኪሳችን ስለማይወጣ መክፈላችንን አናውቅም፤ የምናውቀው የሚወጋ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ዝም ሲል ነው።

የመጨረሻው ማብቂያ ነው። ‹ሦስት ደቂቃ ሞልቷል› የምትል የስልክ ሠራተኛ ነበረች። መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ ጋዜጣም ያልቃል። በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ የንድፍ ባለሙያ ገጹ ከታች ሳያልቅ ራሱን እየቀጠለ እንዲሄድ የሚያደርግ ዘዴ አበጀ። አንባቢን ‹ቀጣይ› የሚል ቁልፍ ከመጫን ለማሳረፍ ነበር ሐሳቡ። ኋላ ግን ያስከተለውን አይቶ በአደባባይ ተጸጽቷል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የቆየ ጥናትም አለ። የሥነ ልቡና ሊቁ ስኪነር ርግቦችን ይዞ ሲመራመር ያየው ነው። ርግቧ ሰሌዳውን በነካች ቁጥር እህል ከወረደላት ስትጠግብ ትተዋለች። አንዳንዴ ወርዶ አንዳንዴ ከቀረ፣ መቼ እንደሚወርድም ካላወቀች ግን ያለ ዕረፍት ትነካለች። በአውራ ጣታችን ገጹን ወደ ታች ስበን ‹ምን መጥቶ ይሆን?› የምንል ሁሉ፣ ከዚያች ርግብ ያለን ርቀት ብዙ አይደለም።

ከውስጥ ሆነው የጮኹም ነበሩ። ትሪስታን ሃሪስ በ2013 በጉግል ተቀጣሪ ሳለ፣ የሰውን ትኩረት እናክብር የሚል ጽሑፍ ለባልደረቦቹ አሠራጨ። በ2018 ጉግልም አፕልም ስልኩን ስንት ሰዓት እንደምንነካካ የሚቆጥር መሣሪያ አቀረቡ። መልካም ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ጠጅ ቤት ባለቤቷ ራሷ ብርሌውን እየሞላች ‹ይኸው ስምንተኛህ ነው› ብትልህ፣ ቆጠራዋን አመስግነህ ዘጠነኛውን መጠጣትህ አይቀርም።

እዚህ ላይ ግን ለራሴ አንድ ልጓም ማበጀት አለብኝ። በምዕራቡ ዓለም ስልክን አውልቆ ስለ መጣል የሚጻፈውን ሳነብ ‹ይህ ለእኛ አይሆንም› የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። እኛ ስልክ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2007 መስከረም፣ ማለትም እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ቆይቷል። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፍቷል። ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮም ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከስልክ ተቆርጣ፣ ልጅ የእናቱን መሞትና መኖር ሳያውቅ ከርሟል። በትእዛዝ የተጫነ ዝምታና ወድደው የመረጡት ዝምታ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የቀመሰ ሕዝብ ፊት ሁለተኛውን ሲያወድሱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ደግሞስ ጥለነው ወዴት እንሄዳለን? ቴሌብር ከ2021 ወዲህ የብዙ ሰው ኪስ ሆኗል። ዱባይ ያለችው እህቴ ልጇን የምታሳድገው በዚያው መስታወት ውስጥ እየተያዩ ነው። ባለ ባትሪዋን ኖኪያ ገዝቼ ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ መርካቶ ድረስ ወርጄ ነበር። እህቴን አሰብኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መጣሉን ስተወው አጥር ማጠሩ ቀረልኝ። ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሊቆጥር ሲያስብ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ገደል አፋፍ ይሄዳል። መጻሕፍተ መነኮሳት ከምንላቸው ሦስቱ አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅም ስለ ጸጥታ ብዙ ያስተምራል። ሊቃውንቱ ሰው ጠልተው አይደለም የሚለዩት፤ ሲመለሱ ለሰው የሚሰጡት እንዲኖራቸው ነው። የቤል ክፍልና የቅኔው ተማሪ ዛፍ በሥራ አንድ ናቸው።

እናም አራቱን አጥሮች አንድ በአንድ መለስኳቸው።

በሩን ለመመለስ፣ ስልኩን ሳሎን በር አጠገብ ካለች መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቤት ስገባ እዚያ ይቀመጣል፤ የፈለገኝ ሲደውል ተነሥቼ እሄዳለሁ። ኃይል የሚሞላውም እዚያው ነው። ለማለዳ መቀስቀሻ የምትንቀጫቀጭ ሰዓት ገዛሁ። ለጠሪው ደግሞ ማሳወቂያዎችን ሁሉ ዘግቼ፣ ሰው የደወለበትንና ሰው የጻፈውን ብቻ ተውኩ። ሰው ያልሆነ እንዳይጠራኝ ማለት ነው። ለዋጋው፣ ‹ነፃ› ነን የሚሉትን፣ ፌስቡክን፣ ቲክቶክን፣ ዩቲዩብን ከስልኩ አወረድኩ። ቴሌብር፣ ባንኩ፣ ካርታው፣ ካሜራው፣ እህቴን የማይባት ቴሌግራም ቀሩ። ከቴሌግራምም ቤተሰብ ያልሆነውን ቻናል ሁሉ ለቀቅሁ። ለማብቂያው ማለቂያ ያለውን ነገር መረጥኩ፤ የወረቀት መጽሐፍ። በመጨረሻም የስልኩን መልክ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥኩት። ‹ና› እያለች ትጠራኝ የነበረችው ቀይ ነጥብ አመድ መሰለች። ሥራው ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው።

ቀላሉ ይህ ነበር። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ነው። እጄ ባዶ ኪስ ውስጥ እየገባ ይመለሳል። ያልነዘረ ነገር ሲነዝር ይሰማኛል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ተነሥቼ፣ በጨለማ መደርደሪያዋ ዘንድ ቆሜ፣ ያወረድኩትን መልሼ ጫንኩት። ቆሜ ሳገላብጥ አንድ ሰዓት አለፈ፤ እግሬ ሲቀዘቅዝ ነው የነቃሁት። መልሼ አጠፋሁት። ይህን የምነግራችሁ ድል ነሺ መስዬ እንዳልታያችሁ ነው።

ትሩፋቱንም አላጋንን። ታላቅ መጽሐፍ አልጻፍኩም፤ ትዕግሥተኛ ሰውም አልሆንኩም። አንድ ነገር ግን ሆነ። ባለፈው ዓመት ወደ እናቴ አገር ሄድኩ። አብሮ አደጓ የነበሩ አንዲት አሮጊት በሕይወት አሉ። ስልኬን ሻንጣዬ ውስጥ ትቼ ከሥራቸው ተቀመጥኩ። ‹እማማ፣ እናቴ ከአስመራ የተደወለላት ዕለት ወንድሟ ምን እንዳላት ነግራዎት ነበር?› አልኳቸው።

‹አልነገረችኝም› አሉ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ድሮ ቢሆን ያ ዝምታ ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ እጄ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር። አላለቀም።

‹ከስልክ ቤት ስትወጣ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋት› አሉ። ‹ምን አለሽ ብላት በእጇ ዝም በይ አለችኝ። እስከ ቤቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለማታም ከማንም ጋር አላወራች። ኋላ ብጠይቃት፣ ሌላ ወሬ ካወራሁ የሱ ድምፅ ከጆሮዬ ይፈስብኛል ብዬ ነው አለችኝ። ብር በነጠላዋ ጫፍ እንደ ቋጠረች ሴት፣ ጆሮዋን ይዛ ነው የገባችው ልጄ።›

የአጎቴን ቃል አላገኘሁም፤ አላገኘውምም። የእናቴን ዝምታ ግን አገኘሁ። በ1966 ዓ.ም.፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ አንዲት ወጣት ሦስት ደቂቃ የሰማችውን ድምፅ ላለማፍሰስ ስትል ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብላ ሄዳለች። ይህን ለመስማት የጠየቀኝ ዋጋ፣ አሮጊቷ ዝም ሲሉ አብሬ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ሦስት ደቂቃ ቃል በነጠላ ቋጥራ፣
ዘመኗን በሙሉ የኖረች አክብራ፣
ለእኔ ልታካፍል ጫፉን ስትፈታ፣
ዐይኔ ተሰረቀ በአንዲት ብልጭታ።
ቋጠሮው ተመልሶ ታሰረ እንደ ነበር፤
እሷም ይዛው ገባች ወደ ዝም ባይ አፈር።